ከመፈረማችሁ በፊት ወለዱን በብር አስሉት

የተከበራችሁ ሞዴል አርሶ አደሮች፣

ለማዳበሪያ፣ ለምርጥ ዘር ወይም በሬ ለማድለብ ስትበደሩ የምትከፍሉት ወለድ ከየት እንደሚመጣ ዛሬ እንነጋገራለን።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ለአርሶ አደር በቀጥታ አያበድርም፤ ሥራው ከባንኮች ጋር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለባንኮች መነሻ የሚሆን የወለድ ምጣኔ አውጥቶ 15 በመቶ አደረገው። የዋጋ ንረት ሲበረታ ይህን ምጣኔ ከፍ ያደርጋል። ያን ጊዜ ብድር ይወደዳል፣ ተበዳሪም ይቀንሳል። ንረቱ ሲረግብ ደግሞ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል።

ነገሩን በማዳበሪያ እዩት። ወደብ ላይ ዋጋ አለው፤ የጭነት፣ የማራገፊያና የመጋዘን ወጪ ሲጨመርበት ግን ከማኅበራችሁ መጋዘን በሌላ ዋጋ ታወጡታላችሁ። ብድርም እንደዚሁ ነው። አበዳሪው ለቆጣቢ የሚከፍለውን ወለድ፣ የሠራተኛ ደመወዝና ሳይመለስ የሚቀረውን ብድር ያስባል። ብዙ ትንንሽ ብድር የሚሰጥ ተቋም ወጪው ስለሚበዛ ወለዱም ከፍ ይላል። ስለዚህ በሬዲዮ «15 በመቶ» ስትሰሙ የእናንተም ብድር 15 በመቶ ነው ብላችሁ አትቁጠሩ።

ለምሳሌ 30,000 ብር ለአንድ ዓመት በ18 በመቶ ልትበደሩ ነው እንበል። ሦስት ነገር ጠይቁ፦

1ኛ. ወለዱ ቋሚ ነው ወይስ ይለዋወጣል? የዓመቱ ወለድ በ18 በመቶ 5,400 ብር ነው። ምጣኔው 20 በመቶ ቢሆን 6,000 ብር ይሆናል።

2ኛ. ወለዱ የሚሰላው በመጀመሪያው ብድር ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ? ዋናውን ብድር በየወሩ 2,500 ብር የምትመልሱ ከሆነ በመጀመሪያው ብድር ሲሰላ 5,400፣ በቀሪው ሲሰላ 2,925 ብር ትከፍላላችሁ። ዕዳውን በአንድ ጊዜ መጨረሻ ላይ የምትዘጉ ከሆነ ግን ሁለቱ ልዩነት የላቸውም።

3ኛ. መክፈያው መቼ ነው? አውድማ ላይ ሁሉም ሲሸጥ እህል ይረክሳል። ዕዳውን አንድ ወር ማቆየት 450 ብር ወለድ ይጨምራል። በዚያ ወር የእህላችሁ ዋጋ ከ450 ብር በላይ የሚያድግ ከሆነና ከነቀዝ የሚጠብቅ ጎተራ ካላችሁ፣ የመክፈያው ቀን ከአውድማ አንድ ወር እንዲርቅ ውሉ ሳይፈረም ተነጋገሩ።

ጎረቤት እናንተን አይቶ ይዘራል፣ እናንተን አይቶም ይበደራል። ስለዚህ ይህን ስሌት ለልማት ቡድናችሁ አባላት በወረቀት ጽፋችሁ አሳዩ።