ጉግል ጨንቻን የሚያውቃት በጻፍንለት ልክ ነው

ብሎግ ከፍታችሁ መጻፍ ከጀመራችሁ በኋላ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይኸው ጽፌያለሁ፣ ታዲያ ሰው ለምን አያገኘኝም?» የሚል። የዛሬው ዝግጅታችን በዚሁ ላይ ነው።

ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ከሆነ እየሰማችሁ ሞክሩት። ጉግልን ክፈቱና የከተማችንን ስም «ጨንቻ» ብላችሁ ጻፉ፤ ፈልግ የሚለውን ግን አትንኩ። ከሥር የሚደረደሩት ቃላት በአብዛኛው ሌሎች ሰዎች የፈለጓቸው ናቸው። አሁን ደግሞ በላቲን ፊደል ድገሙት። ዝርዝሩ ሌላ ይሆናል፤ የሚጠይቀውም ሌላ ሰው ነውና። ምን ልጻፍ ብሎ ለሚጨነቅ ሰው ይህን ዝርዝር ማየት፣ ገንዘብ ከፍሎ ኮርስ ከመግባት ይቀድማል።

ጉግል ስንጠይቀው ያኔውኑ ተነሥቶ ኢንተርኔቱን አያስስም። ሮቦት የሚባሉት ፕሮግራሞቹ በሊንክ ከገጽ ወደ ገጽ እየተሻገሩ ያነበቡትን አስቀድመው መዝግበውታል፤ መልስ የሚሰጠን ከዚያ መዝገብ አውጥቶ ነው። ስለዚህ ሮቦቱ ያልደረሰበት ወይም ሊያነበው ያልቻለ ጽሑፍ፣ የቱንም ያህል ቢያምር ለፈላጊው የለም።

የእኛ ጽሑፍ በብዛት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ጥሩ ነገር በፎቶ ላይ ይጻፍና ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። በሁለተኛው ቀን ሌላ መልእክት ይመጣበትና ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከዓመት በኋላ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። ችግሩ አዲስ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ፎንት ነበረው፤ ለዓይን አማርኛ የሚመስለው ለኮምፒውተሩ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ነበር። በዚያ ዘመን ኢንተርኔት ላይ የወጣ ስንት ጽሑፍ እንዲሁ ቀርቷል። ዛሬ ፎንቱ ተስተካክሎልን እያለ በፎቶ ላይ መጻፋችን፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በገዛ እጃችን የተመለስንበት ችግር ነው።

አጻጻፍም አለ። አንዱ «አርባ ምንጭ» ብሎ ነጣጥሎ ይጽፋል፣ ሌላው «አርባምንጭ» ብሎ ይገጥመዋል። በሀሌታው ሀ እና በሐመሩ ሐ፣ በእሳቱ ሰ እና በንጉሡ ሠ የሚለያዩ ቃላት ደግሞ አያልቁም። ጉግል እንደ እንግሊዝኛው ያቃናልኛል ብላችሁ አትመኩ። ሰው የሚያዘወትረውን አጻጻፍ ርእሱ ላይ አድርጉ፤ ሌላውን አጻጻፍና የላቲኑን ስም ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ አግቡት። ደጋግሞ መዘርገፍ ግን ይጎዳል። በገጹ ኮድ ውስጥ የሚደበቁትን ቁልፍ ቃላት ጉግል ለደረጃ እንደማይጠቀምባቸው በ2009 በይፋ ተናግሯል። ዛሬም እነሱን የሚሸጥላችሁ ባለሙያ ቢመጣ በሰላም ሸኙት። «በአንድ ወር አንደኛ አደርግሃለሁ» የሚለውንም እንዲሁ፤ ጉግል ራሱ ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልም ይላል።

ወደ ይዘቱ እንምጣ። «የጨንቻ አፕል» ብሎ ስለ አየሩ፣ ስለ ደጋው፣ ስለ ጣዕሙ መጻፍ ይቻላል፤ ብዙ ሰውም ጽፎታል። የጨንቻን ችግኝ ወስዶ ሌላ ደጋ ላይ የተከለ ሰው ግን በሌሊት ስልኩን አንሥቶ የሚጠይቀው ይህን አይደለም። «አበባ ያወጣል፣ ፍሬ አይዝም፤ ለምን?» ነው የሚለው። መልሱን እዚህ ያለ ገበሬ ያውቀዋል። ብዙው የአፕል ዝርያ በራሱ ብናኝ በደንብ አያፈራም፤ በአንድ ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዝርያ አጠገቡ ይፈልጋል፤ ብናኙን የሚያመላልስ ንብም ያስፈልጋል። «አና» የተባለውን ዝርያ ብቻውን የተከለ ሰው «ዶርሴት ጎልደን»ን አብሮ ቢተክል ይሻለዋል።

እንግዲህ ርእሱን ጥያቄው ራሱ አድርጉት፤ «አፕል አብቦ ፍሬ የማይዘው ለምንድን ነው?» በሉት። መልሱን በመጀመሪያው አንቀጽ ስጡ፤ ታሪኩና ዝርዝሩ ይከተል። የሁለቱን ዝርያ አበባ ከጓሮ አንሥታችሁ አስገቡ። የፎቶውን ፋይል ካሜራው በሰጠው ቁጥር አትተዉት፤ ምን እንደሆነና የት እንደተነሣ ጻፉበት። መጠኑንም ቀንሱት፤ አንባቢያችሁ ካርድ ሞልቶ በስልክ ነው የሚያነበው፤ እስኪከፈት የሚያስጠብቀውን ገጽ ትቶት ይሄዳል።

የዱንጉዛ ልብስ የሚሠራ የዶርዜ ሸማኔም ሽሮ ሜዳ ሄዶ ሊገዛ ለሚያስብ ሰው የሚነግረው አያጣም፤ የእጅ ሥራው ከማሽኑ በምን ይለያል? ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል ወይ? እንግዳ ደግሞ ከአርባ ምንጭ ሞቃት አየር ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ጨንቻ ሲወጣ ምን ልልበስ ይላል። ከተማው ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው፤ ጋቢ ይያዝ በሉት።

ጊዜውንም አስቡ። ስለ ዮ ማስቃላ በዓል በዋዜማው የሚወጣ ጽሑፍ ዘግይቷል፤ ሮቦቱ አንብቦ እስኪመዘግበው ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። በሐምሌ ጻፉት። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ገጽ አትክፈቱ፤ ያንኑ አድሱት፤ ባለፈው ዓመት የጠቆሙት ሊንኮች እዚያው ይቆዩላችኋል። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ስታንፎርድ ሳሉ ጉግልን የመሠረቱበት ሐሳብ፣ ወደ አንድ ገጽ የሚጠቁም ሊንክ እንደ ምስክርነት ይቆጠር የሚል ነበር። የአካባቢው ሆቴልና አስጎብኚዎች በድረ ገጻቸው እንዲጠቁሟችሁ ጠይቁ። ምስክር የሚገዛበት ገበያም አለ፤ እሱ ያስቀጣል።

ሰዎች ምን ብለው ፈልገው እናንተ ዘንድ እንደደረሱ የሚያሳየው «ጉግል ሰርች ኮንሶል» ነፃ ነው። አጠቃቀሙን ሳምንት እናያለን። እስከዚያ ደንበኛ፣ ጎረቤት ወይም እንግዳ ደጋግሞ የሚጠይቃችሁን አንድ ጥያቄ ምረጡ፤ መልሱን በፎቶ ላይ ሳይሆን በጽሑፍ አውጡና ሊንኩን ላኩልን።