ፍሬን አያያዝን ስለ መማር



እኛ በኮምፒዩተር የመኪና እሽቅድድም መሪና ፔዳል ይዘን ስንለማመድ፣ ጉብዝና ሁሉ ነዳጅ በመስጠት ብቻ ይመስለን ነበር። በኢጣልያ በሞንዛ የውድድር ሜዳ፣ የፎርሙላ አንድ መኪና በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እያበረርን፣ ከመጀመሪያው ጠምዛዛ ስንደርስ ስንት ጊዜ ከመንገድ ወጣን!

በኋላ ምስጢሩ ተገለጠልን። ፍሬን በመጀመሪያ በኃይል ይረገጣል፤ ነገር ግን ፍጥነቱ ሲቀንስ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነው የነፋስ ኃይልም ይቀንሳልና፣ እግር ቀስ በቀስ መላላት አለበት። አለዚያ ጎማው መሽከርከሩን ትቶ ይንሸራተታል፤ የሚንሸራተት የፊት ጎማ ደግሞ ለመሪ አይታዘዝም። በእውነተኛ መኪና ሰውነታችን ወደ ፊት ሲገፋ የፍሬኑ ልክ ይታወቀናል፤ የእኛ ወንበር ግን አይንቀሳቀስምና፣ እግራችን ልኩን በብዙ ድካም አጠና።

ወላጆቻችን ሆይ፣ በጨዋታው የተጋጨ መኪና አንድ ቁልፍ ሲጫኑ እንደ ነበረ ይመለሳል፤ በመንገድ ላይ የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም። ከእኛም ብዙዎቻችን መንጃ ፈቃድ የምናወጣበት ዕድሜ ደርሷል። ስለዚህ ከመፍጠን አስቀድሞ በጊዜው መቆምን የምናውቅ እንድንሆን ቃል እንገባላችኋለን።