ታሪኩ የማን ነው? በወርሃዊ ስብሰባችን በፊልም ኮሚቴው የቀረበ ንግግር

ባለፉት ሁለት ወራት አብረን ስላየናቸው ፊልሞች እንድንናገር ስለጠየቃችሁን እናመሰግናለን። አንዱ ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ያዘጋጀው «ድፍረት» ነው። ሁለተኛው በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ፌስቱላ ስላገኛቸው እህቶቻችን የሚናገረው «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ነው።

በ«ድፍረት» እንጀምር። ስሙን ልብ በሉት። «ደፋር ናት» ስንል የምናመሰግንበት ቃል፣ «ተደፈረች» ስንል አንገት ያስደፋናል። ፊልሙ ሁለቱንም ይዟል። የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፣ ትደፈራለች፤ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ትገድለዋለች። መነሻው በ1996 እ.ኤ.አ. በአርሲ የተፈጸመው የአበራሽ በቀለ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆሞላት፣ ፍርድ ቤቱ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናብቷታል።

ፊልሙን የወደድንበት ምክንያት ሽማግሌዎቹን እንደ አውሬ ስላልሣላቸው ነው። የሚመካከሩት አገር እንዳይበጠበጥ፣ ደም እንዳይፋሰስ ነው። ነገር ግን ስለ ልጅቷ ዕጣ ሲመክሩ ልጅቷን የሚጠይቃት የለም። ሕጉም ቢሆን ያን ጊዜ ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ግን ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ በኋላ ጋብቻ ቢፈጸምም ከተጠያቂነት አያድንም። ይህ ለውጥ ብዙ ሴቶች የጮኹለት ነው።

ቅር ያለን ነገርም አለ። ፊልሙ ከሂሩት ይልቅ ከተማዋን ጠበቃ ይከተላል። ልጅቷ ዝም ስትል እናያለን፤ ምን እንደምታስብ ግን እምብዛም አንሰማም። ከፊልሙ ውጭ የሆነውንም ታስታውሳላችሁ። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል የፍርድ ቤት እግድ መጣ። አበራሽ ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ ብላ ነበር። በኋላ እግዱ ተነሥቶ ፊልሙ ታየ። ማን ጥፋተኛ እንደነበር መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም። ከመካከላችን አንዳንዶቹ «ፊልሙ ባይሠራ ስንቷ ልጅ ሳታውቅ በቀረች» ብለዋል፤ እውነት ነው። ሌሎቹ ደግሞ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ብለው መለሱ፤ እሱም እውነት ነው።

በዘጋቢው ፊልም ሴቶቹ በራሳቸው ፊትና አንደበት ይናገራሉ። ምጥ ለቀናት ጠንቶባቸው ልጃቸውን ያጡ፣ ሽንት የማይቋጥሩ፣ ከቤተሰብና ከጎረቤት የተገለሉ ናቸው። ከገጠር ብዙ ሰዓት በእግር ተጉዘው፣ ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን ወደመሠረቱት የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ይደርሳሉ። ያን ቀን በአዳራሹ ያላለቀሰ አልነበረም። ከእንባው በኋላ ግን አንዲት እናታችን «ያ ሁሉ መንገድ በእግር ለምን? ሲያምጡስ አዋላጅ የት ነበረች?» ብለው ጠየቁ። ፊልሙ ያለ ዕድሜ ጋብቻንና የልጃገረዶችን ከባድ ሥራ ያነሣል። ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ግን አጥብቆ አይጠይቅም። ካሜራው ስቃይን ካሳየ ምክንያቱንም ማሳየት አለበት እንላለን።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ያለ ነገር አይደለም። እንደምታውቁት ስለ ቁጠባችን አጭር ፊልም መሥራት የሚፈልጉ ሰዎች መጥተዋል። ገበያ ያመጣልናል፣ አባል ያበዛልናል፤ በቀላሉ እምቢ የሚባል አይደለም። ግን ከመካከላችን ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶች አሉ። እዚህ ቡና ላይ የነገሩንን ወላጆቻቸው እንኳ አልሰሙትም። አንድ ጊዜ በስልክ ከተላለፈ በኋላ ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል። ፈቃድ የምትሰጠው እያንዳንዷ አባል ለራሷ እንጂ ማኅበሩ በጅምላ አይሁን። አልቀረጽም ያለች ብድሯም ተራዋም አይነካ። ፊልሙ ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት እዚሁ አዳራሽ እንየው፤ የተናገረችው የከበዳትም እስከዚያ ድረስ ማስወጣት ትችል። ይህ ሁሉ በአማርኛ ተጽፎ ይፈረም፤ ማንበብ ለማይችሉ እናቶቻችንም ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው። የመጡት ሰዎች በዚህ ከተስማሙ ቡና አፍልተን እንቀበላቸዋለን። ካልተስማሙም በሰላም እንሸኛቸዋለን።

ድምፅ ከመስጠታችን በፊት የእናንተን ሐሳብ እንስማ። በተለይ እስካሁን ያልተናገራችሁትን።