የዶገር ባንክ ሌሊት፦ የክሬን መስጠምና የመርዳት ግዴታ



ስለ ጦርነት ሕግ ስንናገር አብዛኛውን ጊዜ የምንነሣው ከታላላቅ ውጊያዎች ነው። ዛሬ የምነሣው ግን ከአንዲት የዓሣ ማጥመጃ መርከብ መስጠም ነው። መርከቧ ክሬን ትባል ነበር፤ ወደቧም በምሥራቅ እንግሊዝ የሚገኘው ኸል ነበር። ያሰጠማት የሩሲያ ባሕር ኃይል ሲሆን፣ ሩሲያ በዚያ ጊዜ የምትዋጋው ከጃፓን ጋር እንጂ ከብሪታንያ ጋር አልነበረም።

በዚያ ሌሊት ሁለት ድርጊቶች ተፈጽመዋል። የመጀመሪያው መተኮስ ነው፤ ሁለተኛው ተኩሶ፣ የተጎዱትን ሳይረዱ መሄድ ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ከባዱ ጥያቄ ያለው በሁለተኛው ላይ ነው እላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ፍርሃቱ ከየት እንደ መጣ ልግለጽ። በየካቲት 1904 ጃፓን ጦርነት ሳታውጅ፣ በፖርት አርተር መልሕቃቸውን ጥለው በቆሙ የሩሲያ የጦር መርከቦች ላይ በሌሊት በቶርፒዶ አደጋ ጣለች። ከዚያ ወዲህ በሩሲያ መርከበኞች ዘንድ ጨለማና ቶርፒዶ የማይነጣጠሉ ሆኑ። በጥቅምት ወር በአድሚራል ሮዤስትቬንስኪ የሚመራው ጓድ ከባልቲክ ባሕር ተነሥቶ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ጉዞ ሲጀምር፣ የጃፓን የቶርፒዶ ጀልባዎች በሰሜን ባሕር አድፍጠዋል የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። ከጓዱ ኋላ የቀረችው ካምቻትካ የተባለች የጥገና መርከብም በቶርፒዶ ጀልባዎች ተከበብሁ ብላ በሽቦ አልባ ቴሌግራፍ አስታወቀች። ወሬውም መልእክቱም እውነት አልነበሩም።

በዚያው ሌሊት፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 11 ቀን 1897 ዓ.ም.፣ ጌምኮክ የሚባለው የኸል ዓሣ አጥማጆች ጓድ በዶገር ባንክ ሥራ ላይ ነበር። ዶገር ባንክ በሰሜን ባሕር መካከል የሚገኝ፣ ውኃው ጥልቀት የሌለውና ዓሣ የሚበዛበት ሥፍራ ነው። መርከቦቹ ትሮውለር የሚባሉት ዓይነት ነበሩ፤ ከኋላቸው የባሕሩን ወለል የሚጠርግ ከባድ መረብ ይጎትታሉ። መረቡ በውኃው ውስጥ ሳለ መርከቧ ፈጥና ልትዞርም ሆነ ልትሸሽ አትችልም። አጥማጆቹ በኅብረት ስለሚሠሩ በጨለማ የሚግባቡት በርችት ምልክት ነበር። ለእነርሱ የዕለት ተዕለት የሥራ ቋንቋ የነበረው ይህ ብርሃን፣ ከሩቅ ለሚያይ ፈሪ ዓይን የጠላት ምልክት ሊመስል ይችላል።

እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የጦር መርከቦቹ የፍለጋ መብራት በአጥማጆቹ ላይ በራ። አንዳንዶቹ የገዛ አገራቸው ባሕር ኃይል ልምምድ መስሏቸው ትርኢቱን ቆመው ይመለከቱ ነበር። ማንነታቸውን ለማስረዳት የያዙትን ዓሣ ከፍ አድርገው ያሳዩም እንደ ነበሩ ተመስክሯል። ተኩሱ ለአሥር ደቂቃ ያህል ቆየ። ከክሬን ላይ ካፒቴኑ ጆርጅ ስሚዝና ባልደረባው ዊልያም ለጌት ወዲያው ሞቱ፤ ስድስት አጥማጆች ቆሰሉ፤ ሌሎች መርከቦችም ተመቱ። የሩሲያ መርከቦች እርስ በርሳቸውም ተመታትተው ነበርና በአውሮራ ላይ የነበረው ቄስ በቁስሉ ሞተ።

ተኩሱ ሲቆም ጓዱ ጉዞውን ቀጠለ። የክሬን ሰዎች ግን በምትሰጥም መርከብ ላይ ቀርተዋል። የተረፉት ገል የምትባለው ሌላ የዓሣ ማጥመጃ መርከብ ሰዎች ትንሽ ጀልባ አውርደው ስለ ደረሱላቸው ነው። እነዚህ ሰዎች ተኩሱ ዳግመኛ እንደማይጀመር የሚያረጋግጥላቸው አልነበረም፤ የሚያስገድዳቸው መኮንንም አልነበረም። ቁስለኞቹንና የሁለቱን ሟቾች አስከሬን አነሡ፤ ክሬንም ሰጠመች። ቁስለኞቹ በአጥማጆቹ መካከል ወደምትሠራው የበጎ አድራጎት የሆስፒታል መርከብ ተወስደው ታከሙ።

ብሪታንያ በቁጣ ተነሣች፤ ሁለቱ መንግሥታት ወደ ጦርነት ተቃረቡ። ነገር ግን በ1899 የሄግ ስምምነት ወደተደነገገው አዲስ መንገድ፣ ወደ ዓለም አቀፍ አጣሪ ኮሚሽን፣ ለመሄድ ተስማሙ። የብሪታንያ፣ የሩሲያ፣ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይና የኦስትሪያ ሃንጋሪ አድሚራሎች ፓሪስ ላይ ተቀመጡ። ከአንድ ወገን ስለ መረብና ስለ ርችት የሚያስረዱ አጥማጆች፣ ከሌላው ወገን የቶርፒዶ ጀልባ አየን የሚሉ መኮንኖች ቀረቡ። ኮሚሽኑ በየካቲት 1905 ባወጣው ሪፖርት፣ አብዛኞቹ አባላት በሥፍራው ምንም የቶርፒዶ ጀልባ እንዳልነበረና ተኩሱ ተገቢ እንዳልነበረ ገለጹ። ሩሲያ 66,000 ፓውንድ ካሣ ከፈለች።

ውድ ተማሪዎች፤ ሪፖርቱን ስታነቡ ስለ ሁለተኛው ድርጊት የተባለውን ልብ በሉ። አብዛኞቹ አባላት አድሚራሉ የአደጋው ሥጋት ስላልጠራለት ጉዞውን መቀጠሉ ተገቢ ነበር አሉ። ይሁን እንጂ በዶቨር የባሕር ወሽመጥ ሲያልፍ፣ በአቅራቢያው ላሉ መንግሥታት ‹እርዳታ የሚሹ አጥማጆች አሉ› ብሎ ባለማሳወቁ ማዘናቸውን ገለጹ። ይህም ሁሉ የአድሚራሉን ወታደራዊ ብቃትና ሰብአዊነት የሚነካ አይደለም ብለው ደመደሙ። እኔ በዚህ መደምደሚያ አልስማማም። ፍርሃት ጣትን ያስተኩሳል፤ ይህን እረዳለሁ። ከዶገር ባንክ እስከ ዶቨር ያለው ጉዞ ግን የቅጽበት ጉዳይ አይደለም። ልብ የሚረጋበት፣ አንድ አጭር መልእክት ለመላክ የሚበቃ ጊዜ ነበር። ዝምታው በድንጋጤ የተፈጸመ አልነበረም።

የዚያን ዘመን ሕግም ለዝምታው ቀዳዳ ነበረው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1900፣ ፓኬቴ ሃባና በተባለው ጉዳይ፣ በባሕር ዳርቻ የሚያጠምዱ ጀልባዎች በጦርነት እንዳይማረኩ ልማዳዊው ሕግ እንደሚጠብቃቸው ወስኗል። የ1907ቱ የሄግ ስምምነትም ይህንኑ አጸደቀ፤ ጥበቃው ግን ለባሕር ዳርቻ አጥማጆች እንጂ እንደ ክሬን በባሕር መካከል ለሚሠሩ ትሮውለሮች አልነበረም። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ የሄግ ስምምነት ከውጊያ በኋላ መርከባቸው የሰጠመባቸውን ሰዎች መፈለግን ግዴታ ሲያደርግ፣ ‹ወታደራዊ ጥቅም እስከ ፈቀደ ድረስ› የሚል ገደብ ነበረበት። በ1949 የወጣው ሁለተኛው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 18 ያንን ሐረግ ትቶ፣ የሚቻለው እርምጃ ሁሉ ሳይዘገይ እንዲወሰድ አዘዘ። የ1977ቱ የመጀመሪያ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ፣ ከሰጠመ መርከብ የተረፈ ሲቪልም ከወታደሩ እኩል እንደሚጠበቅ በግልጽ አሰፈረ። ከክሬን እስከዚህ አንቀጽ ቀጥተኛ መስመር አለ አልልም። ሕጉ በዝግታ የተጓዘው ግን የገል ሰዎች በአንዲት ሌሊት ወደ ደረሱበት ሥፍራ ነው።

ይህ ግዴታ የደካሞች መጠለያ ብቻ አይደለም። በግንቦት 1905 የሮዤስትቬንስኪ ጓድ በጹሺማ ውጊያ ተደመሰሰ። አድሚራሉ ራሱ ክፉኛ ቆስሎ፣ ከምትጋየው መርከቡ ወደ ሌላ ተዛውሮ፣ በመጨረሻ በጃፓኖች ተማረከ። ሳሴቦ ወደሚገኝ ሆስፒታል ወስደው አከሙት፤ ድል ያደረገው አድሚራል ቶጎም በአልጋው አጠገብ ተገኝቶ ጠየቀው። በሰሜን ባሕር ላይ አጥማጆቹ የተነፈጉትን እርሱ ከጠላቱ አገኘ።

ስለዚህ አንድን የጦርነት ስህተት ስትመረምሩ ‹ለምን ተኮሰ?› በሚለው ላይ አትቁሙ። ‹ስህተት መሆኑን ሊያውቅ የሚችለው መቼ ነበር? ከዚያ በኋላስ ምን አደረገ?› ብላችሁ ጠይቁ። ለመጀመሪያው ጥያቄ ፍርሃት መልስ ሊሆን ይችላል፤ ለተከታዮቹ ግን አይሆንም።