ኮምፓይለር ሲለወጥ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በኤሌክትሪክ ቆጣሪ ወይም በውሃ ፓምፕ መቈጣጠሪያ ውስጥ ያለች ትንሽ ማይክሮኮንትሮለር፣ ከግድግዳ ወይም ከምሰሶ ላይ ተሰቅላ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት ታገለግላለች። ፕሮግራሟን የጻፈው መሐንዲስ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ከተዛወረ በኋላ እንኳ እርሷ ሥራዋን አታቋርጥም። የመሐንዲሱን ጽሑፍ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሰው ኮምፓይለር ግን ያን ያህል ዕድሜ የለውም። የዚህ ንግግር ጉዳይ በእነዚህ ሁለት ዕድሜዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ኮርቴክስ-ኤም በተባሉት ፕሮሰሰሮች ለሚሠሩ ሰዎች ኬይል ኤም.ዲ.ኬ. እንግዳ አይደለም። ለብዙ ዓመታት አብሮት የኖረው አርም ኮምፓይለር 5 ነበር። ተተኪው አርም ኮምፓይለር 6 በስሙ የቀድሞው ታናሽ ይምሰል እንጂ ዘሩ ሌላ ነው፤ የተመሠረተው በክላንግና እ.ኤ.አ. በ2000 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው በኤል.ኤል.ቪ.ኤም. ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤም.ዲ.ኬ. 5.37 እትም አሮጌውን ኮምፓይለር ይዞ ስላልመጣ፣ ፈላጊው ለብቻው መጫን ግድ ሆነበት። እንደ ኮርቴክስ-ኤም33 ያሉትን ፕሮሰሰሮች አሮጌው ፈጽሞ ስለማያውቃቸው፣ አዲስ ሰሌዳ የነደፈ መሐንዲስ ምርጫ የለውም።

ለውጡ እንደተጀመረ የስሕተት መልእክት ይዘንባል። አሮጌው ኮምፓይለር ብቻ የሚያውቃቸውን ቃላት አዲሱ አይቀበልም፤ የአሰምብሊውም አጻጻፍ ሌላ ነው። ይህ ያደክማል እንጂ አያሰጋም፤ የሚጮኽ ስሕተት ቢያንስ ያለበት ቦታ ይታወቃል። የሚያሰጋው ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ የሚያልፈው ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ዋናው ፕሮግራም አንድ ምልክት እስኪለወጥ ድረስ እየተመላለሰ ይጠብቃል እንበል፤ ምልክቱን የሚለውጠው ኢንተራፕት ነው። የሲ ቋንቋ ደንብ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለው ተለዋዋጭ ቮላታይል ተብሎ እንዲታወጅ ያዛል። መሐንዲሱ ይህን ቢረሳ፣ አሮጌው ኮምፓይለር እንዳጋጣሚ ምልክቱን በየዙሩ ከማስታወሻው ያነብ ይሆናል። አዲሱ ግን አንድ ጊዜ አንብቦ በሬጂስተር ከያዘው በኋላ ዳግመኛ ላይመለስበት ይችላል፤ መሣሪያውም ባለበት ደርቆ ይቀራል። በዚህ ጊዜ «ኮምፓይለሩ ተበላሽቷል» የሚል ጩኸት ይሰማል፤ ጥፋቱ ግን ለዓመታት በፕሮግራሙ ውስጥ ተኝቶ የኖረ ነው። የፓምፑ ሪሌይ እስኪረጋ ጊዜ ለማሳለፍ ብቻ የተጻፈ ባዶ የቈጠራ ዙርም ዕጣው ከዚህ አይሻልም፤ ፋይዳ የለውም ተብሎ ከነጭራሹ ሊሰረዝ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ስውር የሆነው የኢነም መጠን ነው። አሮጌው ኮምፓይለር፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ ለጥቂት ምርጫዎች ለሚበቃ ኢነም 1 ባይት ይመድባል፤ አዲሱ 4 ባይት ይሰጠዋል። አንድ ቆጣሪ በቋሚ ማስታወሻው ላይ በመጀመሪያ ኹኔታውን በኢነም፣ ቀጥሎ 1 ባይት መለያ፣ 2 ባይት ማስተካከያ፣ በመጨረሻም 4 ባይት ንባብ ይጽፋል እንበል። በአሮጌው መዝገቡ 8 ባይት ሲሆን ንባቡ ከ4ኛው ባይት በኋላ ይጀምራል። በአዲሱ ግን መዝገቡ 12 ባይት ይሆንና ንባቡ ከ8ኛው በኋላ ይፈለጋል።

ይህ በቤተ ሙከራ አይታይም። ከጠረጴዛው ላይ ያለው ቆጣሪ በአዲሱ ፕሮግራም ጽፎ በአዲሱ ፕሮግራም ስለሚያነብ ፈተናውን ሁሉ ያልፋል። ጉዱ የሚወጣው በአሮጌው ፕሮግራም የተጻፈ መዝገብ ያለበት ቆጣሪ በየሰፈሩ ሲታደስ ነው፤ ያን ጊዜ ደንበኛው ያልተጠቀመበትን ሒሳብ እንዲከፍል ይጠየቃል። ኢነሙን እንደ ቀድሞው የሚያሳጥር ትእዛዝ በአዲሱም አለ። ሆኖም ለሚከማች ወይም ለሚላክ መዝገብ ስፋታቸው በስማቸው የተወሰነ ዐይነቶችን መጠቀም ይበልጣል፤ እንዲህ የተጻፈ መዝገብ ትእዛዙን የረሳ ሰው ቢመጣም መጠኑ አይለወጥም።

እንግዲህ አዲስ ስለሆነ ብቻ መለወጥ አይገባም። ለመኪና ደኅንነት እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አይ.ኤስ.ኦ. 26262 መሐንዲሱ በሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች ላይ ያለውን እምነት በማስረጃ እንዲያሳይ ይጠይቃል፤ ኮምፓይለሩ ከተለወጠ ማስረጃውም እንደገና ይመረመራል። መለወጥ የግድ ሲሆን ደግሞ በዚያው ሳምንት አዲስ ሥራ በፕሮግራሙ ላይ መጨመር ትልቅ ስሕተት ነው፤ ብልሽት ቢታይ ከየትኛው እንደመጣ የሚለይ አይኖርም። አንድ ዐይነት ጽሑፍ በሁለቱም ኮምፓይለሮች ተሠርቶ የማስታወሻ ካርታቸው ጎን ለጎን ይነበብ፤ ከመስክ የተመለሱ፣ አሮጌ መዝገብ ያለባቸው ጥቂት ቆጣሪዎችም ለፈተናው ይቀመጡ። አሮጌው ኮምፓይለር ከነትክክለኛው የእትም ቍጥሩ ይጠበቅ፤ ፈቃዱ ከአንድ ኮምፒዩተር ጋር የታሰረ ከሆነ ያ ኮምፒዩተር ራሱ ለንብረት ማስወገጃ ኮሚቴ እንዳይሰጥ አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል።