ፓምፑ ሲቆም አስቀድመን እንለካ

በማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ሰቃ



በዚህ መድረክ የምታውቁኝ ገቢና ወጪ ሳነብ ነው። ዛሬ ግን ስለ ጉድጓዳችን ፓምፕ ኤሌክትሪክ እንድናገር ተጠይቄአለሁ። ባለፈው ህዳር ፓምፑ ሲቆም "ሞተሩ ተቃጥሏል" ተባለ፤ የአዲስ ፓምፕ ፕሮፎርማም ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ወቅቱ የቡና ለቀማ ነበር። እሸቱ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ፣ የተፈለፈለውም በጊዜው ካልታጠበ ቡናው ይሆመጥጣል፤ ደረጃውም ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ ቶሎ ፈርሞ መክፈል የሚያጓጓ ነበር። ኮሚቴያችን ግን ሌላ ባለሙያ አስመጥቶ አስለካ። ሞተሩ ደህና ሆኖ ተገኘ። ኬብሉ ውሃ ውስጥ የተቀጠለበት ቦታ በተራ ናስትሮ ተጠቅልሎ ውሃ ገብቶበት ነበር። ቅጥያው እንደገና ተሠርቶ ፓምፑ ተነሳ፤ የቁጠባችን ገንዘብም ባንክ ቀረ።

እንግዲህ የምለው አንድ ነገር ነው። ፓምፕ ቆመ ማለት ፓምፕ ሞተ ማለት አይደለም። ከሳጥን ገንዘብ ሲጎድል ከባንክ ጀምረን ደረሰኝ በደረሰኝ እንከተላለን እንጂ ወዲያው ሰው አንከስም። ኤሌክትሪክም እንደዚሁ ነው። ከቆጣሪው ተነስቶ በብሬከር፣ በመቆጣጠሪያ ሳጥን፣ በኬብልና በቅጥያ አልፎ ሞተሩ ዘንድ ይደርሳል። በየደረጃው ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ ብሎ መጠየቅ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?

ሳጥኑን የሚከፍተው ኤሌክትሪሻን ብቻ ነው። የእኛ ድርሻ ቁጥሩን መጠየቅና መጻፍ ነው።

አንደኛው ቁጥር ቮልቴጅ ነው። በነጠላ ፌዝ 220፣ በሦስት ፌዝ ደግሞ በፌዝና በፌዝ መካከል 380 ቮልት መሆን አለበት። ለአብዛኞቹ ሞተሮች ከዚህ 10 በመቶ መውረድ ወይም መውጣት ይፈቀዳል፤ ለ220 ከ198 እስከ 242 ማለት ነው። ፓምፑ ቆሞ ሳለም፣ ሲነሳም ይለካ። ቆሞ ሳለ 220 የነበረው ሲነሳ በጣም ከወረደ፣ መስመሩ ደካማ ነው ወይም የላላ ማሰሪያ አለ። በሦስት ፌዝ አንዱ ከጠፋ ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም፤ በዚያ ሁኔታ ከቆየ ይቃጠላል።

ሁለተኛው አምፒር ነው። ክላምፕ ሜትር የሚያሳየው ሞተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር ይነጻጸር። ዜሮ ከሆነ መንገድ ላይ የተቆረጠ ነገር አለ። ከፍ ብሎ ውሃ ከሌለ፣ አሸዋ ይዞት ወይም በነጠላ ፌዝ ካፓሲተሩ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ካፓሲተር ከሞተር ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው።

ሦስተኛው በሜገር የሚለካው የኬብሉና የሞተሩ መከላከያ ነው። ይህ የሚለካው ኃይል ተቋርጦ፣ ኬብሉም ከሳጥኑ ተፈትቶ ነው። ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ከ0.5 ሜጋኦም በታች ካሳየ ውሃ የሆነ ቦታ ገብቷል። ያኔ ፓምፑ ይወጣና ኬብሉና ሞተሩ ለየብቻ ይለካሉ። ጥፋተኛው የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ኬብሉም ራሱ "ወጪ" አለው። እንበል ከሳጥኑ እስከ ሞተሩ 100 ሜትር ነው፤ ኬብሉ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ነው። ደርሶ መልሱ 1.4 ኦም ይይዛል። ሞተሩ 10 አምፒር ሲስብ መንገድ ላይ 14 ቮልት ይቀራል። ሲነሳ 40 አምፒር ቢስብ 56 ቮልት ይጠፋል፤ ከ220ው ሞተሩ ዘንድ የሚደርሰው 164 ብቻ ነው። ኬብሉ ባለ 6 ቢሆን በ10 አምፒር የሚጠፋው ወደ 6 ቮልት ይወርዳል። ርካሽ ኬብል ርካሽ የሚሆነው ደረሰኙ ላይ ነው።

በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጎረቤታችን ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉ ሩቅ የሚላከው በከፍተኛ ቮልቴጅ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቮልቴጁ ሲጨምር አምፒሩ ይቀንሳል፣ መንገድ ላይ የሚባክነውም ይቀንሳል። በረጅም ኬብል ከመርከብ ኃይል የሚቀበሉ ትልልቅ የባህር ውስጥ ሮቦቶችም ከፍተኛ ቮልቴጅ ተቀብለው ታች ይቀንሱታል። ለእነሱም ኬብልና ማገናኛ ስስ ቦታ ነው። ካይኮ የተባለው የጃፓን ሮቦት እ.ኤ.አ. በ1995 በፓስፊክ ውቅያኖስ 10,911 ሜትር ወርዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን ከላይኛው ክፍሉ ጋር የሚያገናኘው ኬብል ተበጥሶ ባህር ውስጥ ቀረ። ያን ያህል ጥልቀት የቻለ ማሽን የጠፋው በገመዱ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። ፓምፑ በደህና ጊዜው የሚስበው አምፒርና የሚያገኘው ቮልቴጅ በየሳምንቱ በመዝገብ ይጻፍ፤ የጤናውን ቁጥር ካላወቅን የህመሙን አናውቅም። ሁለት አባላት ንባቡን ይሠልጥኑ። አዲስ ፓምፕ ይገዛ የሚል ጥያቄም ሦስቱን ቁጥሮች ካልያዘ ለክፍያ አይቅረብ።

ለአጋሮቻችን የማቀርበው ልመና አጭር ነው። ለፓምፕ መግዣ በጀት ስትይዙ ለቴስተር፣ ለክላምፕ ሜትር፣ ለመለዋወጫ ካፓሲተርና ውሃ ለማያስገባ የኬብል መቀጠያ አንድ መስመር ጨምሩልን። እነዚህ በሪፖርት ፎቶ ላይ አያምሩም። በለቀማ ወቅት ቡናችንን የሚያድኑት ግን እነሱ ናቸው።