የማናውቀው መንገድ የሚያስተምረን
(በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ከሒሳብ ክፍል የምትጠብቁት የገቢና ወጪ ሪፖርት እንደሆነ እናውቃለን። እሱም ይቀርባል። ከዚያ በፊት ግን በአጀንዳው ላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ የማኅበሩ ብስክሌቶች ለሥራ ብቻ ይዋሉ ወይስ የእሑድ ጉዟችንም ይቀጥል? እኛ ነጂዎቹ ሐሳባችንን እንድናስረዳ ዕድል ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን።

ብስክሌቶቹ የተገዙት የቁጠባ ቡድኖችን ደብተር እየዞርን ለማመሳከር ነው። ከጅማ ወደ ሰቃ ወይም ወደ ሰርቦ ለመሄድ አስፋልቱ ላይ መኪና አይጠፋም። ችግሩ ከአስፋልቱ ከወጣን በኋላ ነው። ቡድኖቻችን የሚሰበሰቡት ቡናው መሐል ነው፤ ባጃጅ ኮረኮንቹ እስከሚያልቅበት ያደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ የእግር መንገድ ነው። ብስክሌቱ የሚጠቅመን እዚያ ነው።

እሑድ ግን ያለ ደብተር እንወጣለን። አንድ ጊዜ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ጅሬን ዳገት፣ ሌላ ጊዜ በአጋሮ በኩል ወደ ጎማ የቡና መንደሮች፣ ጊዜ ሲኖረን ደግሞ ከሸቤ ተነስተን ወደ በለጠ ደን። አንድ ደንብ አለን፦ በወር አንድ ጊዜ ማናችንም ነድተንበት የማናውቀው መንገድ እንመርጣለን። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል፤ እኛን ግን መናፈቅ ጀምሯል።

«ለምን የለመዳችሁት መንገድ አይበቃችሁም?» ብላችሁ የጠየቃችሁን አላችሁ። መልሳችን ይህ ነው። በየቀኑ በአንድ መንገድ የሚሄድ ሰው የሚያጠናው መንገዱን ነው፤ መንዳትን አይደለም። ጉድጓዱ የት እንዳለ፣ ሥሩ የት እንደወጣ፣ የቱ ጋ ፍሬን እንደሚያዝ በቃሉ ያውቃል። አዲስ ቦታ ሲደርስ ግን ያ ዕውቀት አብሮት አይሄድም። የሒሳብ ሠራተኞች ይህን በሥራችን እናውቀዋለን፦ የራሷን መዝገብ ብቻ ይዛ የኖረችና የሌላውን ቡድን መዝገብ መርምራ የምታውቅ እኩል አያዩም። ሁለተኛዋ ስሕተት የት ሊደበቅ እንደሚችል ማንበብ ተምራለች።

የማናውቀው መንገድ የሚያስተምረንም ይህንኑ ማንበብ ነው። ዓይናችን ከፊት ጎማው ሥር ሳይሆን ራቅ ብሎ፣ መሄድ ወደምንፈልግበት እንዲያይ እንለምዳለን፤ ጉድጓዱን ትኩር ብላ ያየች ጉድጓዱ ውስጥ ትገባለችና። ማርሹን ዳገቱ መሐል ሳይሆን ከዳገቱ በፊት እንቀንሳለን። ቁልቁለት ላይ ከመቀመጫው ብድግ ብለን ሁለቱን ፔዳል እኩል እናደርጋለን፣ ሰውነታችንን ወደ ኋላ እንስባለን። ከመጠምዘዣው በፊት እንጂ በመጠምዘዣው ላይ ፍሬን አንይዝም። የፊቱ ፍሬን ኃይለኛ ስለሆነ ልል ጠጠርና ጭቃ ላይ በቀስታ ነው የሚያዝ። ቀሚስና ነጠላ ሰንሰለት ውስጥ እንዳይገባ ከሥር ሱሪ ለብሰን እናስራለን፤ ሂጃብ የምናደርገውም ጫፉን ወደ ውስጥ እናስገባለን።

አስቸጋሪ ቦታ ሲገጥመን ደግሞ መጀመሪያ በእግር ወርደን እናየዋለን። ያልደፈረች ገፍታ ታልፋለች፤ ማንም አይስቅባትም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። በዚህ ክረምት አንዲት እህታችን ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰብሯል። ይህን ከለጋሾቻችን አንደብቅም። ከዚያ ወዲህ በየቤታችን «ተዉት» መባሉ በዝቷል፤ የእሑዱ ጉዞ ይቁም የሚለው ሐሳብም የመጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን እህታችን የወደቀችው በእሑድ ጉዞ አልነበረም። የወደቀችው በሥራ ቀን፣ በየሳምንቱ በምትመላለስበት መንገድ ላይ ነው። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ መንገዱን ቦርቡሮት ነበር፤ ትናንት ደህና የነበረው ቦታ ዛሬ ጎርፍ የበላው ሆኖ ጠበቃት። በጅማ ከግንቦት እስከ መስከረም ማንም መንገድ የሚታወቅ መንገድ አይደለም። ስለዚህ የማናውቀውን መንገድ መለማመድ ለሥራችንም ጥንቃቄ ነው ብለን እናምናለን። እህታችን ገና አልተመለሰችም፤ መመለስና አለመመለሱ የእሷ ውሳኔ ነው።

ስለ ደስታውም ሳንናገር አንለፍ። አንዳንዶቻችሁ «ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» ብላችኋል። እውነት ነው፣ የተራራ ብስክሌት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ አሮጌና ከባድ ብስክሌቶችን አስተካክለው ከተራራ ላይ ቁልቁል በሚነዱ ወጣቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ ኦሊምፒክ ሲገባ ግን የሴቶቹም ውድድር ከወንዶቹ ጋር አብሮ ገብቷል። ብስክሌት ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ ብስክሌተኞች ነበሯት። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ደግሞ ሰላም አምሃ በሴቶች የጎዳና ውድድር አገራችንን ወክላለች።

እኛ ለውድድር አንሄድም። ግን ከዋንዛና ከብሳና ጥላ ሥር፣ በቡና ተክሉ መሐል፣ ወዴት እንደሚወስድ በማናውቀው ጠባብ መንገድ ስንወርድ ስለ ብድርና ስለ ቀለብ ሳናስብ አንድ ሰዓት ያልፋል። ከመካከላችን እንዲህ ያለ ሰዓት ከልጅነቷ ወዲህ አላገኘሁም ያለች አለች። በየደረስንበትም ሴቶች ቡና አፍልተው ያስቀምጡናል፤ ስለ ማኅበሩ የሚጠይቁንም ያኔ ነው።

ስለዚህ ጉባኤው አራት ነገሮችን እንዲያጸድቅልን እንጠይቃለን፦ የእሑዱ ጉዞ እንዲቀጥል፤ ያለ ሄልሜት ማንም እንዳትወጣ፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ፍሬንና ጎማ ተፈትሾ በመዝገብ እንዲፈረም፤ የእሑዱ የጥገና ወጪም ከነጂዎቹ መዋጮ ተሸፍኖ ከሥራው ወጪ ተለይቶ እንዲመዘገብ። በቡና ለቀማ ወቅት ጆንያ ለተሸከመ ሰውና ለአህያ ወርደን መንገድ እንደምንለቅም ቃል እንገባለን።

ድምፃችሁን ስትሰጡ የወደቀችውን እህታችንንም፣ ገና መንዳት ያልጀመሩትን ልጆቻችሁንም አስቡ።